ኤች ጂ ዌልስ፦ ከዕጩ መምህርነት እስከ ሳይንሳዊ ልብ ወለድ

ሰሞኑን ማታ በመኝታ ክፍላችን አንድ ክርክር ተነሥቶ ነበር። ከመካከላችን አንዱ ለማስተማር ልምምድ ባዘጋጀው የሳይንስ የትምህርት ዕቅድ ውስጥ፣ መግቢያ በሚለው ቦታ ላይ፣ ስለማይታይ ሰው የሚተርክ አጭር ታሪክ አስገብቶ ነበር። ግማሾቻችን «ይህ ተረት እንጂ ሳይንስ አይደለም፤ 40 ደቂቃ ለተረት አይባክንም» አልን። የቀረነው ደግሞ «ታሪኩን የፈጠረው ሰውዬ እኮ ራሱ የሳይንስ መምህር ነበር» ብለን ተሟገትን። መብራት ጠፋ፣ ክርክሩ ሳያልቅ ተኛን። ይህን ጽሑፍ ያዘጋጀነው በዚያው ምክንያት ነው። ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ይያዝልን።

ኸርበርት ጆርጅ ዌልስ በ1866 በእንግሊዝ አገር፣ ያን ጊዜ ከለንደን አቅራቢያ በነበረችው በብሮምሊ ተወለደ። አባቱ የሸክላ ዕቃና የክሪኬት መጫወቻ የሚሸጥ፣ ገበያ ያልቀናው ባለሱቅ ነበር፤ እናቱ ከማግባቷ በፊት የባለጸጋ ቤት አገልጋይ ነበረች። ዌልስ የ7 ዓመት ልጅ ሳለ እግሩ ተሰበረና ለብዙ ሳምንታት ተኛ። አባቱ መጻሕፍት እየተዋሰ ያመጣለት ጀመር፤ የንባብ ፍቅር ያደረበትም እዚያ አልጋ ላይ ነው። በኋላ ቤተሰቡ ኑሮ ሲከብደው እናቱ አፕፓርክ ወደሚባል ትልቅ የመኳንንት ቤት በቤት አስተዳዳሪነት ተመልሳ ገባች፤ ልጇን ደግሞ ሙያ ይማር ብላ በጨርቃ ጨርቅ ሱቅ ተለማማጅ አድርጋ አስቀጠረችው። በቀን 13 ሰዓት ያህል ጨርቅ ማጠፍና መዘርጋት ነበር ሥራው። ሁለት ዓመት ታገሠ። በ1883 አንድ እሑድ ማለዳ ቁርሱን ሳይበላ ተነሥቶ ወደ 27 ኪሎ ሜትር የሚሆን መንገድ በእግሩ ተጉዞ እናቱ ዘንድ ደረሰና «ከእንግዲህ አልመለስም» አላት።

ከዚያ ወዲያ ሚድኸርስት በምትባል ትንሽ ከተማ ረዳት መምህር ሆነ። ቀን ያስተምራል፣ ማታ መጽሐፍ ላይ ተደፍቶ ለመንግሥት ፈተና ይዘጋጃል። ፈተናዎቹን በሚገባ በማለፉ በ1884 ለንደን በነበረው ኖርማል ስኩል ኦፍ ሳይንስ ነጻ የትምህርት ዕድል አገኘ። ይህ ትምህርት ቤት ወደ አማርኛ ቢመለስ የሳይንስ መምህራን ማሠልጠኛ እንደማለት ነው። ዌልስ ያን ጊዜ ገና 18 ዓመቱ ነበር፤ ከብዙዎቻችን ያንሳል ማለት ነው። በሳምንት አንድ ጊኒ፣ ማለትም 21 ሺሊንግ ይሰጡት ነበር፤ አልበቃ እያለውም ምሳ ሳይበላ የሚውልበት ቀን ነበር። (ይህን ለመረዳት ለእኛ ማብራሪያ አያስፈልገንም!)

በመጀመሪያው ዓመት ባዮሎጂ ያስተማረው ቶማስ ሃክስሊ ነው፤ የዳርዊንን ትምህርት በአደባባይ በመከላከሉ የታወቀው ሊቅ። ዌልስ በዕድሜው ሁሉ እንደዚያ ያለ የትምህርት ዓመት እንዳላሳለፈ ጽፏል። ታዲያ ሁለተኛው ዓመት ፊዚክስ፣ ሦስተኛው ጂኦሎጂ ሆነና አስተማሪዎቹም ሳይጥሙት ቀሩ፤ በ1887 የጂኦሎጂውን የመጨረሻ ፈተና ወደቀ። ወድቆም ያለ ዲግሪ ወጣ።

ለመሆኑ ጊዜውን በምን አጠፋው? ነገሩ እዚህ ላይ ነው። ዌልስ የተማሪዎቹ የክርክር ማኅበር አባል ነበር፤ «ሳይንስ ስኩልስ ጆርናል» የተባለውን የተማሪዎች መጽሔት ከመሠረቱትም አንዱና የመጀመሪያው አዘጋጅ ነበር። ጊዜ እንደ ርዝመት፣ ስፋትና ቁመት አራተኛ መለኪያ ነው የሚለውን ሐሳብ የሰማው በዚያው የተማሪዎች ክርክር ላይ ነው። በ1888 በዚያው መጽሔት በሦስት ተከታታይ እትም አንድ ታሪክ አወጣ። በጊዜ ውስጥ የሚጓዝ መሣሪያ ስለ ሠራ ሰው ነው፤ ሳያልቅ ቀረ። እርሱ ራሱ በኋላ አፍሮበታል። ነገር ግን ደግሞ ደጋግሞ እየጻፈው፣ እየቀደደው፣ በ1895 «የጊዜው መኪና» ሆኖ ታተመ። ከአንድ ማሠልጠኛ የተማሪ ወረቀት የተነሣ መጽሐፍ ነው! የዚህ ጋዜጣ አዘጋጆች ጽሑፍ አጥተው በየመኝታ ክፍሉ ሲለምኑ ይህን ቢያስታውሱን መልካም ነው።

በመካከሉ ያገኘው መከራ ቀላል አልነበረም። ዌልስ የሚባለው የብሪታንያ ክፍል (ከስሙ ጋር አይምታታ) ሲያስተምር፣ ኳስ ሜዳ ላይ ተጫዋች መትቶት ኩላሊቱ ተጎዳ፤ ሳንባውም ደም ያወጣ ጀመር። ከዳነ በኋላ ለንደን ገብቶ አስተማረ፤ በግሉ አጥንቶም በ1890 ከለንደን ዩኒቨርሲቲ የሳይንስ ዲግሪውን በእንስሳት ጥናት አገኘ። በ1893 ባለ ሁለት ቅጽ የባዮሎጂ መማሪያ መጽሐፍ አወጣ። በዚያው ዓመት እንደገና ደም ስለ ተፋ ክፍል ውስጥ ቆሞ ማስተማሩን አቁሞ በብዕሩ መኖር ጀመረ። እንግዲህ የመጀመሪያ መጻሕፍቱ መማሪያ መጻሕፍት ናቸው፤ ልብ ወለዱ የመጣው ከእነርሱ ኋላ ነው።

ታሪኮቹ ከየት መጡ ብንል ከራሱ ኑሮና ከተማረው ትምህርት ነው። «የጊዜው መኪና» ተጓዡን ወደ 802,701 ዓ.ም. ይወስደዋል። በዚያ ዘመን የሰው ልጅ ለሁለት ተከፍሏል፤ ከላይ ሥራ የማያውቁ ደካሞች፣ ከመሬት በታች ደግሞ መኪና የሚያንቀሳቅሱ፣ ብርሃን የሚፈሩ ፍጥረቶች። የዌልስ ቤት ወጥ ቤት ምድር ቤት ውስጥ ነበር፤ አፕፓርክ ደግሞ አገልጋዮች ለጌቶች ሳይታዩ የሚመላለሱበት የመሬት ውስጥ መተላለፊያ ነበረው። የሃክስሊ የዝግመተ ለውጥ ትምህርትና የእናቱ የሥራ ቦታ ናቸው አንድ ላይ የተገናኙት።

በ1898 የወጣው «የዓለማት ጦርነት» የመነጨው ወንድሙ ፍራንክ አብረው ሲንሸራሸሩ ከተናገረው ነው። ወንድሙ ያነሣበት የታዝማኒያ ሕዝብ በእንግሊዞች ወረራ የደረሰበትን ነበር፤ እንዲህ ያሉ ወራሪዎች ድንገት ከሰማይ በእኛ ላይ ቢወርዱስ? ዌልስም ማርሳውያንን እንግሊዝ ላይ አወረደ። የዓለምን ሰፊ ክፍል የያዘችው እንግሊዝ በመጽሐፍ ውስጥ ተወራሪ ሆነች። ወራሪዎቹን የገደላቸው ግን መድፍ ሳይሆን ባክቴሪያ ነው፤ መምህሩ እዚህ ላይ ብቅ ይላል። አንድ ነገር ግን እናርም፦ ዌልስ ታዝማኒያውያን ፈጽመው እንደጠፉ አድርጎ ጽፏል፤ ዘሮቻቸው ግን ዛሬም አሉ።

የ1914ቱን መጽሐፉን በአጭሩ እንጥቀስ። የሬዲየምን ነገር ከሶዲ የሳይንስ መጽሐፍ አንብቦ «አቶሚክ ቦምብ» የሚል ስም ያለው መሣሪያ በልብ ወለድ ፈጠረ። ሊዮ ዚላርድ የተባለው የፊዚክስ ሊቅ መጽሐፉን በ1932 አነበበ፤ በ1933 ደግሞ የኒውክሌር ሰንሰለታዊ ሂደት እንዴት ሊሆን እንደሚችል አሰበ። ዌልስ በ1946 ነው የሞተው፤ ሂሮሺማን ሰምቷል።

አሁን ወደ ክርክራችን እንመለስ። «የማይታየው ሰው» በ1897 ወጣ። ዌልስ እንዲህ ያለ ታሪክ ሲጽፍ የማይሆን ነገር አንድ ብቻ ይበቃል፤ ሌላው ሁሉ የየዕለት ኑሮ መሆን አለበት የሚል ደንብ ነበረው። በዚህ መጽሐፍ ያቀረበው ማስረጃ ከብርሃን ትምህርት የተወሰደ ነው። የተፈጨ መስታወት በአየር ውስጥ ነጭ ዱቄት መስሎ ይታያል፤ ውኃ ውስጥ ሲገባ ግን ሊጠፋ ምንም አይቀረው፤ ምክንያቱም ብርሃን ከመስታወት ወደ ውኃ ሲያልፍ እምብዛም አይሰበርም። ወረቀትም ዘይት ሲነካው ያስተላልፋል። ቦምቦሊኖ የተጠቀለለበትን ወረቀት ወደ መስኮት ከፍ አድርጎ ያየ ሁሉ ይህን ያውቃል። ጓደኛችን ለዕቅዱ ያሰበው የትምህርት መርጃ ይኸው ወረቀት ነበር፤ ዋጋውም ከምንም አይቆጠርም። ተረት ነው ያልነው ሰዎች እዚህ ላይ ዝም አልን።

ሆኖም ዌልስ አይሳሳትም ማለታችን አይደለም። ጁል ቨርን «እኔ ወደ ጨረቃ ሰው የምልከው በመድፍ ነው፤ እርሱ ስበትን የሚከለክል ብረት ይፈጥራል፤ እስቲ ብረቱን ያሳየኝ» የሚል ሐሳብ በ1903 ሰንዝሮበታል። እርግጥ በቨርን መድፍ የተተኮሰ ሰው ገና ከአፈሙዙ ሳይወጣ ይጨፈለቃል፤ ይህም ለፍጥነት ለውጥ ትምህርት ጥሩ ጥያቄ ነው።

በማይታየው ሰው ላይ ደግሞ ሩሲያዊው ፔሬልማን በፊዚክስ መጽሐፉ ከባድ ጥያቄ አንሥቷል፦ ሰውዬው ዓይኑም ብርሃንን የሚያሳልፍ ከሆነ በምን ያያል? በዚህ ላይ እስከ አሁን አልተስማማንም። አንዱ ወገን ጨርሶ ዕውር ነው ይላል፤ ሌላው የዓይኑ የኋላ ግድግዳ ብቻ ሳይጠፋ ቢቀርስ፣ በአየር ላይ ሁለት ነጠብጣብ ሲሄዱ ይታዩ ነበር ይላል። የፊዚክስ መምህራኖቻችን አስተያየታቸውን ከዚህ ወረቀት ሥር ቢለጥፉልን ደስ ይለናል፤ የልምምድ ትምህርቱ የፊታችን ሐሙስ ሦስተኛው ክፍለ ጊዜ ላይ ነው።