«ሃንድ» ሁልጊዜ እጅ ነው?

ጥያቄ፦ «ሃንድ» የሚለውን የእንግሊዝኛ ቃል እጅ ብለን ስንተረጉም አንዳንዴ ስሜት አይሰጥም። ለምን? (ከፎንቆ፣ ሐዲያ)

መልስ፦ የቃሉ መነሻ ፍች እጅ ነው፤ ከዚያ ተነሥቶ የጉልበት ሠራተኛን፣ የእጅ ጽሑፍን፣ እርዳታንና የሰዓት ጠቋሚን ይሰይማል። «ኦን ዚ አዘር ሃንድ» «በሌላ በኩል» ማለት ነው፤ «በሌላ እጅ» ብሎ መተርጎም አማርኛውን ያበላሻል።

አማርኛም የራሱ ሀብት አለው። እጅ የሰጠ ተሸንፏል፤ እጅ የነሣ ግን በአክብሮት ሰላምታ አቅርቧል። ክፍያ እጅ በእጅ ይፈጸማል፤ ተደጋግሞ የሰለቸ ነገር እጅ እጅ ይላል። ከሁሉ ጥልቅ የሆነው ግን ውለታው የማይመሰገንለትን ሰው «እጁ አመድ አፋሽ» የሚለው ነው። ሁለቱ ቋንቋዎች ሲሰርቅ በተያዘ ሌባ ላይ ይቀራረባሉ፦ «ሬድ ሃንድድ» ደም የነካውን እጅ ያስባል፤ አቻው «እጅ ከፍንጅ» ነው።