የበረዶው አገር ጥናትና አዲስ አበባ



በክፍላችን ስለ ሰሜንና ደቡብ ዋልታ ጥናት ስንማር የአንዷ ልጅ አያት «የበረዶ አገር ከእኛ ጋር ምን ያገናኘዋል?» ብለው ጠየቁ። በዕብራይስጥ መጽሐፋችን ውስጥ መልስ አጣን። ፈልገን ያገኘነውን እነሆ በአማርኛ ጻፍን፤ ስሕተት ካለበት አርሙን።

ነገሩን ያነሣሣው ካርል ቫይፕሬክት የሚባል የኦስትሪያ የባሕር ኃይል መኮንን ነው። ከ1872 እስከ 1874 በሰሜን በኩል ሲጓዝ መርከቡን በረዶ ያዛት። በኋላ ሲመለስ፣ አገሮች «ማን ቀድሞ ደረሰ» እያሉ ከሚሽቀዳደሙ ይልቅ በአንድ ጊዜና በአንድ ዓይነት መንገድ ቢለኩ ይሻላል አለ። በ1881 ሞተ። የመጀመሪያው የዋልታ ዓመት የተጀመረው ደግሞ በ1882 ነው፤ አላየውም።

ሁለተኛው በ1932 ተጀመረ። ሦስተኛው መላውን ምድር ስለያዘ «ዓለም አቀፍ የጂኦፊዚክስ ዓመት» ተባለ። ከሰኔ 24 ቀን 1949 እስከ ታኅሣሥ 22 ቀን 1951 ዓ.ም. ቆየ፤ እዚህ በምንቆጥረው ከ1957 እስከ 1958 ማለት ነው። አሥራ ስምንት ወር ያለው ዓመት! የኢትዮጵያ ዓመት እንኳ አሥራ ሦስት ወር ብቻ ነው። 67 አገሮች ተካፈሉ፤ ኢትዮጵያም ነበረችበት።

አዲስ አበባ ለምን አስፈለገች? አንድ የስፌት መርፌ መሐሉን በክር አስረን አንጠለጠልነው፤ ተስተካክሎ ተጋደመ። በማግኔት ካሸነው በኋላ ግን እዚህ ሽኩና ጊሜል ውስጥ ጫፉ ወደ መሬት አዘነበለ። በማግኔት ዋልታ ላይ ቢሆን ቀጥ ብሎ ይቆም ነበር። በአዲስ አበባ ግን እንደ ተጋደመ ይቀራል ማለት ይቻላል፤ ከተማዋ ለማግኔት የምድር ወገብ ቅርብ ናትና። በዚያ መስመር ላይ፣ 100 ኪሎ ሜትር ያህል ከፍታ ላይ፣ ቀን ቀን ኃይለኛ የኤሌክትሪክ ጅረት ይፈሳል። ስለዚህ በዋልታ የሚለኩ ሰዎች፣ በምድር ወገብ የሚለካ ሰው ከሌለ ሥራቸው ጎደሎ ይሆናል።

በዚህ ምክንያት በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ የጂኦፊዚክስ ጣቢያ ተቋቋመ፤ ከ1958 ጀምሮ የምድርን ማግኔት መዘገበ። የመሩት ፒየር ጉዋን የሚባሉ ካናዳዊ የካቶሊክ ካህን ነበሩ። አሜሪካና ሶቪየት ኅብረት በተኳረፉበት ዘመን የሁሉም አገር ልኬት በጋራ ይቀመጥ ነበር። በደቡብ ዋልታ ምድር የሠሩት 12 አገሮችም በ1959 ያ ምድር ለሰላም ብቻ እንዲሆን ውል ፈረሙ።

አዲስ አበባ ያለው ጣቢያ ዓመቱ ሲያልቅ አልተዘጋም፤ የመሬት መንቀጥቀጥንም መከታተል ያዘ። በ1961 የካራቆሬ አካባቢ ተናውጦ ማጀቴ ስትፈርስ ጉዋን አጠኑት፤ በ1979 ስለ ኢትዮጵያ የመሬት መንቀጥቀጥ ታሪክ ትልቅ መጽሐፍ አወጡ።

ከእናንተ መካከል በ1953 ዓ.ም. ያ መንቀጥቀጥ የተሰማው ወይም ሲወራ የሰማ ካለ፣ እባካችሁ ንገሩን፤ በሚቀጥለው ደብተራችን እንጽፈዋለን።