ቁርጭምጭሚቱ ስለሚከዳው ልጅ፤ ለወጣቷ የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ

1. ልጄ፣ እግሩን ከመንካትሽ በፊት ልጁን ጠይቂው። እናት «ዝም ብሎ ይወድቅብኛል» ትላለች፣ አባት «ሲሮጥ ፊቱን አያይም» ይላል፤ ደረጃ ሲወርድ ቁርጭምጭሚቱ እንደሚከዳው የሚያውቀው ግን ራሱ ነው።

2. ሻርኮት-ማሪ-ቱዝ ያለበት ልጅ ቀልበ ቢስ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1886 ሦስት ሐኪሞች የገለጹት ይህ በዘር የሚተላለፍ የነርቭ በሽታ ከ2,500 ሰው አንዱን ያህል ይይዛል። በብዛት በሚታየው ዓይነት ፒኤምፒ22 የሚባለው ዘረ-መል ተደግሞ የነርቩ ሽፋን ይበላሻል። ረጃጅሞቹ ነርቮች ቀድመው ስለሚጎዱ ችግሩ እግር ላይ ይጀምራል። እግርን ወደ ውጭ የሚያዞረው ጡንቻ ሲደክም ወደ ውስጥ የሚስበው ያይላል፤ ውስጥ እግር ይጎብጣል፣ ተረከዝ ወደ ውስጥ ያዘነብላል፣ ወለምታ ይደጋገማል። ሁለቱም እግሮቹ በየጊዜው ወለም እያሉት ወጌሻ ዘንድ የሚመላለስ ልጅ ካጋጠመሽ ነርቩንም ጠርጥሪ።

3. መጠይቅ ተጠቀሚ። ክሌር ሂለርና ባልደረቦቿ ሲድኒ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ2006 ያወጡት የቁርጭምጭሚት መክዳት መለኪያ በኋላ ለልጆች እንዲመች ተስተካክሏል። 9 ጥያቄዎች አሉት፤ ሙሉ ነጥቡ 30 ነው፤ ነጥቡ ባነሰ ቁጥር ቁርጭምጭሚቱ ይበልጥ ይከዳል። ቀኝና ግራ ለየብቻ ይሞላል፤ አደራ፣ ደምረሽ አታካፍዪ፣ የባሰው እግር ይደበቅብሻል። ወላጅ እንዲመልስለት አትፍቀጂ። ጥያቄው ካልገባው ተነሺና በአንድ እግር ቆመሽ አሳዪው፣ ከዚያ እሱ ይቁም። ሲቆም ጣቶቹን ተመልከቺ፤ ወለሉን ለመጨበጥ ሲኮራመቱ ታያለሽ። ያን ጊዜ የሚሰጥሽ መልስ ወንበር ላይ ተቀምጦ ከሚሰጥሽ ይበልጣል።

4. ከዚያ ከኋላው ሆነሽ ተረከዙን እዪ። ተረከዙንና የእግሩን የውጭ ጠርዝ ጠፍጣፋ እንጨት ላይ አሳርፊ፣ የአውራ ጣቱ ወገን ወደ ታች ይውረድ። ተረከዙ ከተቃና መገጣጠሚያው ገና አልደረቀም፤ ለጫማ ድጋፉም ሆነ ለቀዶ ሕክምናው ውሳኔ ይህ ትልቅ ነገር ነው።

5. የወላጆቹንም ጫማ አስወልቂ። በብዛት በሚታየው ዓይነት፣ በሽታው ካለበት ወላጅ ወደ እያንዳንዱ ልጅ የመተላለፍ ዕድሉ ግማሽ በግማሽ ነው። ጥፋተኛ ፍለጋ እንዳይመስላቸው አስቀድመሽ ንገሪያቸው።

6. መጠይቁ ላይ ጥሩ ነጥብ ስታዪ አትቸኩዪ። ሜዳ መውጣት የተወ ልጅ እግሩ ወለም አይለውም። «ኳስ ትጫወታለህ?» ስትዪው «አልወድም» ይልሻል። «መቼ ነው የተውከው?» ብለሽ ጠይቂው።