አብሽና የእርግዝና ቫይታሚን

ጥያቄ፦ የ2ኛ ዓይነት ስኳር በሽታ አለብኝ፤ ሜትፎርሚን ከጀመርኩ ቆይቻለሁ። አሁን የ9 ሳምንት ነፍሰ ጡር ነኝ። እናቴ «አብሽ ጠጪ፣ ስኳሩን ያወርድልሻል» ትለኛለች። ከቫይታሚኖቹስ የትኛውን ልውሰድ?
ከፍሪድሊ፣ ሚኒሶታ

መልስ፦ እንኳን ደስ ያለዎት። ቅድሚያ የሚሰጠው ለፎሊክ አሲድ ነው። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት የደም ስኳር ከፍ ካለ የፅንሱ አንጎልና አከርካሪ በትክክል ላይፈጠር ይችላል። ፎሊክ አሲድ ይህን አደጋ ስለሚቀንስ በየቀኑ ቢያንስ 400 ማይክሮግራም ያስፈልግዎታል፤ እንግሊዝ አገር ስኳር ላለባት እናት እስከ 12ኛው ሳምንት 5 ሚሊግራም ያዛሉ። የእርስዎን መጠን ሐኪምዎ ይወስኑልዎታል። ሜትፎርሚን በቆይታ ቢ12ን ይቀንሳል፤ ጿሚ ከሆኑ ደግሞ ይብሳልና በደም ያስመርምሩ። የብረት ኪኒን ከታዘዘልዎ ከቡና ያርቁት።

አብሹን በተመለከተ እናትዎ አልተሳሳቱም፤ ስኳር ሊያወርድ ይችላል። ነገር ግን ከመድኃኒት ጋር፣ በተለይ ኢንሱሊን ከተጨመረልዎ፣ ከልክ በላይ ሊያወርደው ይችላል፤ ለነፍሰ ጡርም በብዛት መጠጣቱ አይመከርም። ወጥ ውስጥ የምትገባው ቁንጥር አታሳስብም። የስኳር መለኪያው ከ70 በታች ካሳየ ጁስ ጠጥተው ከ15 ደቂቃ በኋላ ይለኩ፤ ከተደጋገመ ለሐኪምዎ ሳይዘገዩ ይደውሉ።