ሴት ልጅና የዩኒቨርሲቲ ደጅ

ከ12ኛ ክፍል ተማሪ፤ ቁስቋም



በአገራችን «ሴት ቢያውቅ በወንድ ያልቅ» የሚል የቆየ ተረት አለ። ይህን ተረት ሳይሰማ ያደገ ሰው በመካከላችን የሚገኝ አይመስለኝም። ተረት የአባቶች ጥበብ መሆኑን አልክድም፤ ይሁን እንጂ ዘመን ሲለወጥ አብሮ መታረም ያለበት ተረትም አለ። በዚህች አጭር ጽሑፍ ላስረዳ የምፈልገው አንድ ነገር ብቻ ነው። ይኸውም ሴት ልጅ ዩኒቨርሲቲ እንድትገባ የሚደረግላት ድጋፍ ምጽዋት ነው ወይስ ፍትሕ? ድጋፉስ መጀመር ያለበት ከወዴት ነው? የሚለው ነው።

ይህን እንድጽፍ ያነሣሣኝ ባለፈው መንፈቅ በክፍላችን የተደረገ ክርክር ነው። አንድ የክፍል ጓደኛችን ተነሥቶ «ለሴት የመግቢያ ነጥብ ዝቅ የሚደረግላት ዕውቀቷ ዝቅ ስላለ አይደለምን?» ብሎ ሲጠይቅ ብዙዎች አጨበጨቡለት። እኔ እጄን አላወጣሁም። ዝም ያልሁት መልስ ስላጣሁ ብቻ ሳይሆን በልቤም «ምናልባት እውነቱን ይሆን?» ብዬ ስለ ተጠራጠርሁ ነው። ስለዚህ ነገሩን ከሥሩ ላጠናው ቆረጥሁ።

አስቀድመን የቆምንበትን ምድር እንመልከት። በዚህ ተራራ ግርጌ ደብረ ፀሐይ ቁስቋምንና ዛሬ ፍርስራሹን የምናየውን ቤተ መንግሥት ያሠሩት እቴጌ ምንትዋብ ናቸው። ባለቤታቸው አፄ በካፋ ካረፉበት ከ1723 ዓ.ም. ጀምሮ በልጃቸው በኢያሱ ዘመን የመንግሥቱን ሥራ ለብዙ ዓመታት የመሩ ሴት ነበሩ። እንግዲህ ቁስቋም የተመሠረተችው በሴት አስተዋይነት ነው ማለት ይቻላል። ነገር ግን እቴጌይቱ ወደዚያ ክብር የደረሱት የንጉሥ ሚስትና የንጉሥ እናት በመሆናቸው ነው እንጂ ለሴት ልጅ ሁሉ የተከፈተ በር ስለ ነበረ አይደለም። ጎንደር የሊቃውንት አገር ተብላ ስትጠራ በየጉባኤ ቤቱ የሚማሩት ወንዶች ነበሩ። የጎጃሟ እማሆይ ገላነሽ ሐዲስ ዓይነ ሥውር ሳሉ ቅኔ ተምረው ለመምህርነት የበቁት አባታቸው ራሳቸው የቅኔ መምህር ስለ ነበሩ ነው። አባታቸው ሌላ ሰው ቢሆኑ ኖሮ ያ ሁሉ ዕውቀት ከወዴት ይገኝ ነበር? ከዚህ የምንረዳው ዕውቀት ወንድና ሴት ብሎ እንደማይለይ፤ የሚለየው ግን የዕውቀት በር እንደ ነበረ ነው።

ወደ ዘመናዊው ትምህርት ስንመጣም ነገሩ ከዚህ ብዙ አልራቀም። በአዲስ አበባ የእቴጌ መነን የሴቶች ትምህርት ቤት የተከፈተው በ1924 ዓ.ም. ነበር። የዚህ ትምህርት ቤት ዳይሬክተር ከነበሩት አንዷ ወይዘሮ ስንዱ ገብሩ በስዊዘርላንድ የተማሩ ሲሆኑ በ1950 ዓ.ም. ፓርላማ በመግባት ከኢትዮጵያ ሴቶች የመጀመሪያዋ ሆነዋል። አባታቸው ከንቲባ ገብሩ ደስታ የዚህችው የጎንደር ከንቲባ የነበሩ ሰው ናቸው። በ1943 ዓ.ም. የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ሲቋቋም የገቡት ሴቶች በጣት የሚቆጠሩ ነበሩ። በከተማችንም በ1947 ዓ.ም. የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ተከፍቶ ወጣት ሴቶች በኅብረተሰብ ነርስነት እየሠለጠኑ ወደ ገጠር ወጡ። ይህ ኮሌጅ አድጎ ዛሬ የምናውቀው የጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆኗል።

ሕጉም ቀስ በቀስ ተሻሽሏል። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ወንድን ከ18፤ ሴትን ግን ከ15 ዓመቷ ጀምሮ እንድታገባ ይፈቅድ ነበር። የ15 ዓመት ልጅ በትምህርት ቤት መቀመጥ ሲገባት በጎጆ ትቀመጣለች ማለት ነው። በ1992 ዓ.ም. የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ ለሁለቱም 18 ዓመት አድርጎታል። የ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥትም በአንቀጽ 35 ሴቶች በታሪክ የደረሰባቸው በደል ታስቦ ልዩ ድጋፍ የማግኘት መብት እንዳላቸው ደነገገ። በዚህ መሠረት ለብዙ ዓመታት የዩኒቨርሲቲ መግቢያ ነጥብ ለሴቶች ከወንዶች በጥቂቱ ዝቅ ይል ነበር።

ይህ የኛ አገር ፈሊጥ ብቻ እንዳይመስላችሁ። በእንግሊዝ አገር የሚገኘው ዝነኛው የካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲ ሴቶች እየተማሩና እየተፈተኑ ሳሉ ሙሉ ዲግሪ የፈቀደላቸው በ1948 እ.ኤ.አ. ነው። ኡጋንዳ ደግሞ በማኬሬሬ ዩኒቨርሲቲ ከ1990 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ለሴት አመልካቾች 1.5 ነጥብ ትጨምር ጀመር፤ ከዚያ ወዲህም የሴት ተማሪዎች ቍጥር በግልጽ እየጨመረ ሄደ። የተጨመረው ነጥብ ትንሽ ነው፤ የገቡት ግን ብዙዎች ናቸው። እነዚያ ሴቶች ዕውቀት ጎድሏቸው ሳይሆን ከደጁ ጥቂት እርምጃ ርቀው ቆመው ነበር ማለት ነው።

ከደጁ እንዲርቁ ያደረጋቸው ምን ይሆን? ለዚህ ጥያቄ መልስ የፈለግሁት ከመጽሐፍ ሳይሆን ከገዛ ቤታችን ነው። በአንድ ዓመት የሚበልጠኝ ወንድሜና እኔ አባባ በአንድ ቀን ስላስመዘገበን እስከ ዛሬ በአንድ ክፍል እንማራለን። መምህሮቻችን አንድ፤ መጻሕፍታችን አንድ፤ መብራታችንም አንድ ነው። እኔም ከሰኞ እስከ እሑድ ከክፍል ውጭ ያለውን የሁለታችንን ሰዓት በደብተር ጻፍሁ። ውኃ በፈረቃ ሲመጣ ጀሪካን ይዞ መሰለፍ፤ እንጀራ መጋገር፤ ወጥ መሥራት፤ ልብስ ማጠብ፤ እንግዳ ሲመጣ ቡና ማፍላት የኔ ሥራ ነው። ሳምንቱ ሲያልቅ ብደምረው ወንድሜ 23 ሰዓት አጥንቷል፤ እኔ 10 ሰዓት። ልዩነቱ 13 ሰዓት ነው። በወር ሲታሰብ 52 ሰዓት ይሆናል። በመንፈቁም በሒሳብ ትምህርት እርሱ ከ100 71 ሲያገኝ እኔ 58 አግኝቼ ነበር።

ደብተሩን ለአባባ ሰጠሁት። አንብቦ ብዙ ጊዜ ዝም አለና ወንድሜን ጠርቶ «ከነገ ጀምሮ ውኃው ያንተ ነው» አለው። እማዬ «ልጄን ሰው ይስቅበታል» ብላ ተቃወመች፤ አባባም «የሚስቅ ይሳቅ፤ ፈተናው ላይ የሚቀመጡት ልጆቻችን ናቸው» አላት። ወንድሜ ለጥቂት ቀን አኮረፈ። በኋላ ግን ወረፋ ሲጠብቅ ደብተሩን ይዞ መሄድ ለመደ። ከ6 ሳምንት በኋላ በተሰጠን የሒሳብ ፈተና እርሱ 74፤ እኔ 69 አገኘን። አስተውሉ! የርሱ ውጤት አልቀነሰም፤ የኔ ግን ወጣ። እንግዲህ የሴት ማደግ የወንድ መውደቅ ነው የሚሉ ሰዎች ተሳስተዋል።

ለዚያ ጓደኛዬም ዛሬ ልመልስለት እችላለሁ። ወንድሜ፤ ነጥቡ ዝቅ የሚለው ዕውቀታችን ዝቅ ስላለ አይደለም። አንዱ ባዶ እጁን፤ ሌላው ጀሪካን ተሸክሞ ዳገት ቢወጡና ባለ ጀሪካኑ ጥቂት ቢዘገይ ጉልበቱ ደካማ ነው ተብሎ አይፈረድበትም። ነገር ግን እውነቱን ለመናገር አንተም የነካኸው ቁም ነገር አለ። በደጁ ላይ ነጥብ መቀነስ ብቻ ያመለጠኝን ሰዓት አይመልስልኝም። ጎድሎኝ ከገባሁ ከነጉድለቴ እገባለሁ። ስለዚህ ድጋፉ ከደጁ በፊት ይጀመር፤ ከደጁ በኋላም አይቋረጥ ነው የምለው።

ይህ ነገር ዛሬ ከምንጊዜውም ይልቅ ያስፈልገናል። የ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና በየዩኒቨርሲቲው ግቢ ሲሰጥ ለወንድም ለሴትም 50 ከመቶ ማግኘት ግዴታ ሆነ፤ ካለፉት ውስጥ የተቆጠሩት ከተፈታኙ 3.3 ከመቶ ብቻ ነበሩ። በ2017 ዓ.ም. ፈተና እንኳ ያለፉት 8.4 ከመቶ ናቸው። ታላቅ እህቴ በ2014ቱ ፈተና ካላለፉት አንዷ ነበረች። የአቅም ማሻሻያ ትምህርት በተከፈተ ጊዜ ገብታ ተምራ አለፈች፤ ከዚያም ዩኒቨርሲቲ ገባች። በመጀመሪያው መንፈቅ ልትወድቅ ተቃርባ ሳለች በየማታው ያስጠናቻት አንዲት የ3ኛ ዓመት ተማሪ እንደ ነበረች አጫውታኛለች። አየችሁ? እህቴን ከፈተናው በኋላ ያገኘችው ድጋፍ አዳናት፤ ከፈተናው በፊት ቢሰጣት ግን አንድ ዓመት ባላጣች ነበር።

ስለዚህ በበኩሌ የሚከተለውን ሐሳብ አቀርባለሁ።

1ኛ. ትምህርት ቤታችን ከክፍል በኋላ ቤተ መጻሕፍቱን ለአንድ ሰዓት ለሴቶች ጥናት ይተውልን። ቤት ከገባን ሰዓቱ የኛ አይደለምና።

2ኛ. ከዳባትና ከደባርቅ ገጠር ወደ ከተማ መጥተው ቤት ተከራይተው የሚማሩ እህቶች አሉ። ስንቃቸው ሲያልቅ ወይም መንገድ ሲያሰጋ ትምህርታቸውን ትተው ይመለሳሉ። ባለፉት ዓመታት በክልላችን በተነሣው ግጭት ብዙ ትምህርት ቤት ተዘግቶ ሲከርም ጉዳቱ በነዚህ ላይ በርትቷል። ለነርሱ ማደሪያና ምግብ ማዘጋጀት ከነጥብ ሁሉ የሚበልጥ ድጋፍ ነው።

3ኛ. ዩኒቨርሲቲዎች ሴት ተማሪዎችን ተቀብለው በዚያው እንዳይተዉአቸው፤ በመጀመሪያው ዓመት አስጠኚ ይመድቡላቸው።

4ኛ. ወላጆች ሆይ፤ ይህ ግን መንግሥትን የሚጠብቅ አይደለም። ለአንድ ሳምንት ብቻ የወንድና የሴት ልጆቻችሁን ሰዓት በደብተር ጻፉ። ከዚያም በኋላ ደብተሩ ራሱ ምን ማድረግ እንዳለባችሁ ይነግራችኋል።

እኔ ፈተናው ላይ የምቀመጠው በዚሁ ዓመት ነው። አልፍ ወይም እወድቅ እንደ ሆነ አላውቅም። ብወድቅ ግን «ሴት ስለ ሆነች ነው» እንዳይባልልኝ፤ ባልፍም «በምጽዋት ነው» እንዳይባልብኝ ይህን ጽፌያለሁ። ወንድሜ ይህን ስጽፍ አይቶኝ «የኔን ጀሪካን ደግሞ ጻፍሽው?» ብሎ ጠየቀኝ። አዎን፤ ጽፌዋለሁ። ያለርሱ ይህን የምጽፍበት ሰዓት ከወዴት አገኝ ነበር?