«የእግዚአብሔር እጅ» ሲባል ምን ማለት ነው?
የመካከለኛው ዘመን የእስልምና ሊቃውንት ክርክር

በትምህርተ ክርስቶስ ክፍል ሕፃናት «እግዚአብሔር እጅ አለውን? በዙፋን ላይስ እንዴት ይቀመጣል?» ብለው ሲጠይቁ መምህሩ ብዙ ጊዜ ይቸገራል። ጥያቄው የእኛ ብቻ አይደለም፤ የእስልምና ሊቃውንት ለብዙ መቶ ዓመታት ተከራክረውበታል፣ ስለ እርሱም የታሰሩ አሉ። ሁለተኛው የቫቲካን ጉባኤ በ1965 ዓ.ም. (ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) ከሙስሊሞች ጋር ለመግባባት በቅንነት እንድንተጋ ስላሳሰበን፣ ይህን ክርክር ማወቁ ለምእመናንና ለመምህራን ይጠቅማል ብለን እናምናለን።

የክርክሩ መነሻ ቁርኣን ራሱ ነው። በአንድ በኩል አላህን የሚመስል ምንም ነገር እንደሌለ ይናገራል፤ በሌላ በኩል ስለ እጁ፣ ስለ ፊቱና በዙፋኑ ላይ ስለ መሆኑ ያወሳል። ታዲያ ሁለቱ እንዴት ይስማማሉ?

በባስራና በባግዳድ የተነሡት ሙዕተዚላ የተባሉ ሊቃውንት ከሁሉ ይልቅ የፈሩት ተሽቢህን፣ ይኸውም ፈጣሪን ከፍጡር ጋር ማመሳሰልን ነበር። አካል ያለው ሁሉ በቦታ ይወሰናል፤ የሚወሰንም አምላክ ሊሆን አይችልም አሉ። ስለዚህ «እጅ» የሚለውን ኃይል ወይም ጸጋ፣ «ዙፋን» የሚለውን ግዛት ብለው ተረጐሙት። ሐሳባቸው ጥልቅ ነው፤ መንገዳቸው ግን ሁልጊዜ የሚመሰገን አልነበረም። በ833 ዓ.ም. ኸሊፋው አል-መእሙን ቁርኣን የተፈጠረ ነው የሚለውን ትምህርታቸውን በምርመራና በማስገደድ በሊቃውንቱ ላይ ጫነ። አሕመድ ኢብን ሐንበል እምቢ በማለቱ ታሰረ፤ በተከታዩ ኸሊፋ በአል-ሙዕተሲም ዘመንም ተገረፈ። አእምሮን እጅግ ያከበሩ ሰዎች በጅራፍ መደገፋቸው ያሳዝናል።

በሌላው ጫፍ በኸራሳን የተስፋፉት ከራሚያ አምላክን «አካል» እስከ ማለት ደረሱ፤ ምንም እንኳ አንዳንዶቻቸው በዚህ ቃል በራሱ የሚኖር ማለታቸው እንጂ ሥጋ ማለታቸው ባይሆንም።

በሁለቱ መካከል ሌላ መንገድ የፈለገው በ935 ዓ.ም. ገደማ የሞተው አል-አሽዐሪ ነው። እስከ አርባ ዓመቱ ገደማ የሙዕተዚላ ደቀ መዝሙር ነበር፤ በኋላ ግን ተለያቸው። የተጻፈው ይታመናል፤ «እንዴት?» ተብሎ ግን አይጠየቅም አለ። ይህም በዐረብኛ ቢላ ከይፍ፣ በእኛ አነጋገር «ያለ እንዴት» ይባላል። ከእርሱ አስቀድሞ የመዲናው ሊቅ ማሊክ ኢብን አነስ ስለ ዙፋኑ ለጠየቀው ሰው በዚሁ መንፈስ እንደ መለሰ ይነገራል።

ለመምህራን ይበልጥ የሚጠቅመው ግን አል-ገዛሊ ይመስለናል። በ1111 ዓ.ም. ከመሞቱ ጥቂት ቀደም ብሎ፣ ተራው ሕዝብ በዚህ ክርክር ውስጥ እንዳይገባ የሚመክር መጽሐፍ ጻፈ። በዚያም ስለ «እጅ» አንድ ምሳሌ ይሰጣል፦ አገሩ በገዢው እጅ ነው ሲባል፣ ገዢው እጁ የተቆረጠ ሰው ቢሆንም እንኳ ንግግሩ ትክክል ነው። በአማርኛም «ነገሩ በእጁ ነው» ስንል ጣትና መዳፍ የሚያስብ የለም፤ ለሕፃናት ከዚህ የቀለለ ማስረጃ የምናገኝ አይመስለንም። ነገር ግን አል-ገዛሊ ምእመኑ ሥጋዊውን ሐሳብ ከአምላክ ካራቀ በኋላ ዝም ይበል፣ ትርጓሜውንም ለሚያውቁት ይተው ይላል። እዚህ ላይ ከእርሱ ጋር ሙሉ በሙሉ አንስማማም፤ የሚጠይቅን ሕፃን ዝም ማሰኘት ጥያቄውን አያጠፋውም። ቤተ ክርስቲያናችንም በ1215 ዓ.ም. በአራተኛው የላተራን ጉባኤ፣ በፈጣሪና በፍጡር መካከል ከሚታየው መመሳሰል ይልቅ አለመመሳሰሉ ምንጊዜም እንደሚበልጥ አስተምራለች፤ ይህ ግን ስለ እግዚአብሔር መናገርን አላስቀረም።

ክርክሩ በአል-ገዛሊ አላበቃም። የደማስቆው ኢብን ተይሚያ ቃሉን በምሳሌያዊ ትርጓሜ መለወጥን ተቃወመ፤ እኔ ፈጣሪን ከፍጡር ጋር አላመሳስልም ቢልም፣ በ1306 ዓ.ም. በካይሮ በተሽቢህ ተከሶ ታሰረ። መንገደኛው ኢብን ባጡጣ ደግሞ ኢብን ተይሚያ በመስጊድ ሲሰብክ ከመድረኩ አንድ ደረጃ ወርዶ «አምላክ እንዲህ እንደ እኔ ይወርዳል» ሲል አየሁ ብሎ አውርቷል። ታሪኩ እስከ ዛሬ ይጠቀሳል። ሆኖም ኢብን ባጡጣ በ1326 ዓ.ም. ደማስቆ ሲደርስ ኢብን ተይሚያ ከሳምንታት በፊት በከተማይቱ ምሽግ ታስሮ ነበር፤ በ1328 ዓ.ም. እስኪሞትም ድረስ ከዚያ አልወጣም።