ነዳጅ ቀጂውን ማሠልጠን ይቅደም

በክልሎች ነዳጅ በዲጂታል ክፍያ ብቻ እንዲሸጥ የተደረገው ከግንቦት 1 ቀን 2015 ዓ.ም. ጀምሮ ነው። ከደሴ ወደ ወልድያ በሚያልፈው መንገድ፣ በሐይቅ ወይም በአምባሰሏ ውጫሌ ማደያ ለሚከፍት ነጋዴ የገንዘቡ ዋስትና የቀጂው ዕውቀት ነው።

ደንበኛው ‹‹ከፍያለሁ›› ብሎ የሚያሳየው የስልክ መልእክት ሐሰተኛ ሊሆን ይችላል። ቀጂው ማየት ያለበት ብሩ በማደያው ሒሳብ መግባቱን ነው።

ስለዚህ፦

1. ሥልጠናው ወረፋ በሌለበት ሰዓት፣ በትንሽ ሒሳብ እየተሞከረ ይሰጥ።

2. ፈጥኖ የለመደው የዘገየውን ያስተምር።

3. ኔትወርክ ሲቋረጥ የሚደረገው አስቀድሞ ይወሰን።

በመልመድ ላይ ያለ ሠራተኛ የሳተውን ከደመወዙ መቁረጥ ስሕተትን ያስደብቃል እንጂ አያስተምርም።